ለመንቀጥቀጥ የተገዛችው ምድጃ

ባለቤቴ የሞተው መሬት ሳትንቀጠቀጥ ነው። ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም፤ ወይም ጥቂት ብቻ ነው የምቀልደው። ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይመጣል ስለሚባለው ትልቅ መንቀጥቀጥ ይሰማል፣ ይፈራል፣ ይረሳል። እሱ አልረሳም። ከአልጋችን ሥር ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ነበረው። ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ ውሃ፣ የቆርቆሮ ባቄላ፣ ፊሽካና የሥራ ጓንት ሞልቶበታል። በየጊዜው ይስበዋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ይገፋዋል። ሞት ግን በሣጥኑ በኩል አልመጣም። በኩላሊቱ በኩል መጣ።

በሣጥኑ ውስጥ ባለው ዕቃ ሁሉ ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ለጥፏል። ይህ ከኤርፖርት የቀረ ልማዳችን ነው። የኛ ሰው ሻንጣው ላይ ጨርቅ ሳያስር አይሳፈርም፤ ጥቁር ሻንጣ ሁሉ አንድ ነውና የራስህን ከሩቅ እንድትለይ ነው። እሱ ግን ከኤርፖርት ከወጣን በኋላም አልተወውም። ጃንጥላው፣ የመነጽሩ ማኅደር፣ የምሳ ዕቃው፣ አንድ ሰሞን የጥርስ ብሩሹ ሳይቀር አረንጓዴ ምልክት ነበረባቸው።

"ሁለት ሰው ብቻ በሚኖርበት ቤት ብሩሽህን ማን ይወስድብሃል?" እለዋለሁ።

"በመንቀጥቀጥ ጊዜ ዕቃ ይቀላቀላል" ይለኛል።

ብዙ ዘመን ታክሲ ነድቷል። በኋላ ሰው ሁሉ መኪና በስልክ መጥራት ሲጀምርና የታክሲ ሥራ ሲሞት፣ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ ገባ። ከምድር በታች፣ በመስታወት ክፍል ተቀምጦ የሚወጣ የሚገባ መኪና ይጠብቃል። መንቀጥቀጡን ማሰብ የጀመረው እዚያ ይመስለኛል። ራሱ ላይ ያን ሁሉ ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚውል ሰው ሌላ ምን ያስብ?

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ምድጃዋን ይዞ መጣ። የገዛት ጫካ ለሚያድሩና ተራራ ለሚወጡ ሰዎች ዕቃ ከሚሸጥ መደብር ነው። እኛ ድንኳን የምናውቀው ለሠርግና ለልቅሶ ነው። ቤት ያለው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሜዳ ላይ የሚያድርበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምድጃዋ ስትታጠፍ ከመዳፍ አትበልጥም። ስትዘረጋ ክንፏን የከፈተች ጥንዚዛ ትመስላለች። የምትሠራው በጋዝ አይደለም፣ በከሰልም አይደለም። በብር ወረቀት የታሸገ፣ ትልቅ የራስ ምታት መድኃኒት የሚመስል ነጭ ጠጣር ነገር መሐሏ ላይ ይቀመጥና በክብሪት ይለኮሳል። በቤታችን ስሙ ኪኒን ሆኖ ቀረ።

"መሬት ሲንቀጠቀጥ የጋዝ ቧንቧው ይበጠሳል" አለኝ። "ጎረቤት ሁሉ ቀዝቃዛ ባቄላ ከቆርቆሮ ሲበላ፣ አንቺና እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ሻይ እናፈላለን።"

"ሕንፃው ከፈረሰ በረንዳው የት ይገኛል?"

"አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን ነው የምታስቢው!"

ልጃችን ልትጠይቀን በመጣች እሑድ በረንዳ ላይ ሠርቶ አሳየን። ኪኒኗ ስትነድ ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ አላት። ሻዩ ፈላ፣ እየሳቅን ጠጣነው። እሱ እንደ ሙሽራ ተኩራርቶ ዋለ፣ እኔ ደግሞ የማንቆርቆሪያውን ቂጥ ስፈትግ ዋልኩ። የኪኒን ጥላሸት እንደ እንጨት ጥላሸት ብን አይልም፤ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ቡናማ ነገር ነው። ከዚያ ምድጃዋ ፕላስተሯ ተለጥፎላት ሣጥን ገባች፤ ሁለተኛ አልወጣችም።

ከሞተ በኋላ ሣጥኑን አልነካሁትም። አልጋውን ሳነጥፍ እግሬ ይነካዋል። ይቅርታ እለዋለሁ፣ ሣጥኑን። ሌላ የምለው የለኝም ነበር በዚያ ሰሞን።

*

ሚድ ሲቲ ያለው አፓርታማችን አሮጌ ነው። የሙት ዓመቱ ሳይደርስ የሕንፃው ጋዝ ሲያፈተልክ ተገኘና ተዘጋ። ቧንቧው ሁሉ መቀየር አለበት ተባለ። የሕንፃው አስተዳዳሪ፣ ሁልጊዜ ቁልፍ እያንቃጨለ የሚሄድ ረጅም ሰው፣ "የሚመጣው ሳምንት ይከፈታል" አለን። የሚመጣው ሳምንት መጥቶ ሄደ። "የሚመጣው ሳምንት" አለ እንደገና። ተከራዮቹ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ምድጃ እየገዙ አንድ ማታ ሁሉም እኩል ሰኩት። ሕንፃው እንዳለ ጨለመ። በማግስቱ በየበሩ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ማይክሮዌቭ ይፈቀዳል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ነው፣ በረንዳ ላይ እሳት ማንደድም ክልክል ነው።

ይህን ሁሉ ልጄ ሰማች። ልጄ የምትኖረው ሪቨርሳይድ ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሩቅ አይደለም፣ ግን መንገዱ ክፍት ሆኖ አያውቅም። ሰፊ ቤት አላት። ሰፈሯ ውስጥ አውቶቡስ የለም፣ በእግር የሚሄድ ሰው የለም። ውሻ የሚያናፍስ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም የሚያናግረው ውሻውን ነው።

"እማዬ፣ ጋዙ እስኪመለስ እኔ ጋ ነይ" አለችኝ በስልክ። "ለጥቂት ጊዜ ነው።"

እኔ አሜሪካ የመጣሁትም ለጥቂት ጊዜ ብዬ ነው። ለጥቂት ጊዜ የሚባለውን አገር በደንብ አውቀዋለሁ። ደግሞም ከዚያ በፊት ሄጄ ሳለ አንዱን ክፍሏን ቀለም ቀብታ፣ በቁልፍ ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ አስገብታበት አይቻለሁ። ለጥቂት ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ ቀለም አይቀባም።

አልቀየማትም። አባቷን ቀብራለች፤ የቀረኋት እኔ ነኝ፣ ዓይኗ ሥር ልታኖረኝ ፈልጋ ነው። ግን ከዚህ ቤት ከወጣሁ እንደማልመለስ ልቤ ያውቀዋል። ቤቱ ምንም አይደለም። ምንጣፉ ያረጀ፣ መስኮቱ የማይገጥም ነው። ፒኮ ጎዳና ላይ የሚያልፈው አውቶቡስ ሲያቆም የሚያሰማው ትንፋሽ አለ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ በዚያ ነበር የሚመጣው። እስከ ዛሬ ያ ትንፋሽ ሲሰማ እጄ ወደ ሻይ ማንቆርቆሪያው ይሄዳል። ይህን ሪቨርሳይድ ላይ የት አገኘዋለሁ?

ስለዚህ ዋሸሁ።

"ጋዙኮ መጥቷል" አልኳት።

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ኦኬ፣ አሳዪኝ እስቲ። በቪዲዮ ልደውል።"

"ቆይ፣ እጄ ሊጥ ነው፤ ልታጠብና ልደውልልሽ" ብዬ ዘጋሁ። ምን ሊጥ? እንጀራ ከፌርፋክስ፣ ከሐበሻ ሱቆቹ ሰፈር፣ ስገዛ አገር ያየኛል።

ያን ጊዜ ነው ሣጥኑን የሳብኩት። ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያዬ ነበር። ክዳኑን ስከፍት ሁሉም ነገር እሱ እንዳስቀመጠው ነው፤ ባቄላው ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ተሰልፏል። ምድጃዋን አወጣኋት፣ ከተዘጋው የጋዝ ምድጃ አንደኛው ዓይን ላይ አስቀመጥኳት፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ኪኒኗን ለኮስኩ። ዓሣ ዓሣ የሚለው ሽታ መጣ። እዚያው ቆሜ፣ በአንድ እጄ ክብሪት በአንድ እጄ ስልክ ይዤ፣ ለአፍታ ልጄን የማታልል አሮጊት መሆኔን ረስቼ እሱን ብቻ አሰብኩ። ከዚያ ነበልባሏ እንዳታልቅ ብዬ ደወልኩ። ሐዘንም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል።

ስልኩን ወደ እሳቱ አስጠጋሁት። ነበልባሏ ሰማያዊ ነው፣ ጫፏ ላይ ብቻ ቢጫ ይላል።

"ዝቅ አድርጊው እማዬ፣ በደንብ አልታየኝም።"

"ክንዴን ያመኛል።"

"ለምንድነው እሳቱ እንዲህ ያነሰው?"

"መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ነው የሚለቁት ተብሏል።"

ሳል የመሰለ ነገር ሰማሁ።

"ኦኬ" አለች። "ሶ እሑድ ምሳ እመጣለሁ። ዶሮ ወጥ አምሮኛል።"

"ዶሮ ወጥ?"

"ጋዝ ካለ ምን ችግር አለው?"

"ምንም ችግር የለውም።"

"ጋዙ እንደገና ከጠፋና ካልሠራሽ ግን፣ በዛው መኪና ይዤሽ ነው የምመለሰው። ሻንጣሽን አዘጋጂ። ተስማማን?"

"ተስማማን" አልኩ። በማግስቱ ደግሞ የትኛው ድስት ትንሽ እንደሆነ ስፈልግ ነበር።

*

የፊት ለፊቴ በር ላይ የሚኖሩ አንዲት እትዬ አሉ። ባላቸውን ከቀበሩ ብዙ ዘመናቸው ነው። ባለቤቴ በሞተ ሰሞን ሌላው ሰው ሁሉ "እግዜር ያጥናሽ" ሲለኝ፣ እሳቸው ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብለው "ሐዘን እንደ ፍሪዌይ ነው፤ የሚያስፈራው መግባቱ ነው። አንዴ ከገባሽ ያው ሁሉም እየነዳ ነው" ያሉኝ ሴት ናቸው። መንዳት ግን አይችሉም።

ጉዳዬን ነገርኳቸው። ምድጃዋን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ገለባበጧት።

"በዚች? ዶሮ ወጥ?" አሉ። "በዚች ላይ የዶሮዋ አንድ እግር ቢወጣ ሌላው እግር ምን ላይ ይቆማል?"

"ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ?"

"ፌርፋክስ ሄደሽ መግዛት፤ ድስትሽ ውስጥ መገልበጥ። ማን ያውቃል?"

"ማን የማያውቅ አለ? ፌርፋክስ ላይ ወጥ ይገዛል፣ ምስጢር ግን አይገዛም። እኔ ዶሮ ወጥ ገዝቼ ፒኮ ሳልደርስ፣ 'ውይ እናትሽ ደክማለች፣ ወጥም መሥራት አቅቷታል' ብለው ለልጄ ይደውሉላታል።"

እትዬ ጥቂት አሰቡ። "እውነትሽን ነው" አሉ። "እኔ ራሴም ብሰማ እደውል ነበር።"

ሣጥኑ ውስጥ የቀሩት ኪኒኖች ለሻይ እንጂ ለወጥ የሚበቁ አልነበሩም። ስለዚህ ሁለታችን አውቶቡስ ይዘን ወደ ጫካ አዳሪዎቹ መደብር ሄድን። እኔ ከራሴ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሻለሁ፣ እትዬ ነጠላቸውን ጣል አድርገዋል። መደብሩ ውስጥ ሰው ያልሞተባቸው ድንኳኖች ተደርድረዋል። አንድ ጢሙ የተንዠረገገ ጎረምሳ ሊያግዘን መጣ። ምድጃዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት፣ ኪኒኗን ጠየቅሁት።

"ጥሩ ነገር ነው" አለ በደስታ። "ወዴት ነው የምትሄዱት?"

"በረንዳ" አሉ እትዬ በአማርኛ።

"ተራራ" አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ በእንግሊዝኛ።

"ብቻችሁን?"

"ከዶሮ ጋር" አሉ እትዬ፤ ይቺን ደግሞ በእንግሊዝኛ ተናገሯት።

ልጁ አልሳቀም፤ አሜሪካን አገር ሰው ከምንም ነገር ጋር ተራራ ይወጣል። ድንኳን ውስጥ እንዳንለኩሰው፣ አየር በደንብ የሚገባበት ቦታ እንድንጠቀም፣ በእጃችን ከነካነው በኋላ ሳንታጠብ ምግብ እንዳንነካ አስጠነቀቀን። ነፋስ እንዳያጠፋው ዙሪያውን በፎይል ከልሉት አለን። እሳቱ ከበዛባችሁ ደግሞ ኪኒኑን ለሁለት ስበሩት አለ። እግዜር ይስጠው፤ ከሰጠን ምክር አንዱም አልተረፈም፣ ሁሉንም ተጠቀምንበት።

*

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ሥራ ጀመርን። በረንዳው ላይ የኦቨኑን ትሪ ዘረጋን፣ ምድጃዋን ከላይ አስቀመጥናት፣ በፎይል ከለልናት፣ አጠገቧ ባልዲ ሙሉ ውሃ አኖርን። ከታች እንዳንታይ እትዬ በረንዳው ብረት ላይ አንሶላ አሰጡ። ድስቷ እንቁላል መቀቀያዬ ናት፤ ሙሉ ዶሮ ስለማትችል ጥቂት ብልቶችን ብቻ መረጥኩ። ለአንዲት ልጅ ይበቃታል።

ቁሌቱ ላይ ነው ጉድ የፈላው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት በለዘብተኛ እሳት፣ ያለ ዘይት፣ እየታሸ፣ እየቀላ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ኪኒን ደግሞ ለዘብተኛ አታውቅም። ወይ ትነዳለች ወይ ትጠፋለች። መሐሉ ከሰል ሆነ፣ ዳር ዳሩ ጥሬ ቀረ። አንዱን ኪኒን ስጨምር ሌላው ይሞታል፤ ድስቷን ሳነሣ ይቀዘቅዛል፣ ሳስቀምጥ ያራል።

እትዬ አጎንብሰው አሸተቱ። "ይሄ ቁሌት አይደለም" አሉ። "ጥቁር ልብስሽን ማቅለሚያ ነው።"

ደፋሁት። ሁለተኛውን ሽንኩርት ከተፍኩ። ከዚያ እንደ ሌባ ዙሪያዬን አየሁና፣ ገብቼ የማይክሮዌቩን በር ከፈትኩ።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አሉ እትዬ።

"ምንም።"

"ሽንኩርት? በማይክሮዌቭ?" ደረታቸውን መቱ። "በእናትሽ!"

"ማስታወቂያው ይፈቀዳል ይላል።"

"የአስተዳዳሪው ማስታወቂያ! የወጥ ሕግ በሱ ነው እንዴ የሚወጣው?" አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። "እኔ አላየሁም። ሲያልቅ ንገሪኝ።"

እየከፈትኩ እያማሰልኩ፣ እየዘጋሁ እያሽከረከርኩ፣ ውሃው እስኪመጥና መልኩ እስኪለወጥ ድረስ አላብኩት። አፍሬያለሁ። አልዋሽም፣ ሽታው ግን ደህና ነበር። ከዚያ ወደ በረንዳው ወስጄ በግማሽ በግማሽ ኪኒን በርበሬውን አቁላላሁ፣ ቅቤውን ጨመርኩ። እትዬ ከነጠላቸው ሥር አፍንጫቸውን አወጡ።

"ይሄኛው ወጥ ይሆናል" አሉ። "ኃጢአቱ ያንቺ ነው።"

ዶሮው ሲገባ ሽታው በሕንፃው ሁሉ ተሰራጨ። በርበሬና ቅቤ በአንሶላ አይከለልም። ብዙም ሳይቆይ የቁልፍ መንቃጨል ተሰማ፣ በሩ ተንኳኳ። አስተዳዳሪው ነው። እኔ በረንዳው ላይ ማማሰያ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እትዬ ሄደው በሩን በጠባቡ ከፈቱ።

"ይቅርታ" አለ ሰውየው እያሸተተ፤ "ጋዝ መጣ እንዴ?"

እትዬ ቀና ብለው አዩት። ቁመታቸው ደረቱ ላይ ነው የሚደርሰው። "አንተ ነህ እኛን የምትጠይቀው ወይስ እኛ ነን አንተን የምንጠይቅ?"

ሰውየው አፈረ። "የሚመጣው ሳምንት" አለና ቁልፉን እያንቃጨለ ወረደ።

እንቁላሉን የቀቀልነው ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ነው። መጨረሻ ላይ የቀረችው አንዲት ኪኒን ነበረች፤ ወጡን እሑድ ለማሞቅ ብዬ አስቀመጥኳት። እሑድ ሲደርስ ግን ወጡንም በማይክሮዌቭ አሞቅኩት። አንዴ ከወደቁ ወዲያ አንድ ነው።

*

ልጄ መጣች፤ ሳመችኝ፣ አባቷ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ልታስቀምጥ ብላ መልሳ አነሣችው። ሁለታችንም ያንን ወንበር እንዲሁ ነው የምናልፈው። ምድጃዋን ማንም በማያስባት ቦታ፣ በሞተው ኦቨን ውስጥ፣ ደብቄያታለሁ። የድስቷንም ቂጥ ፈትጌዋለሁ።

በላች። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ። ፊቷን አያለሁ። ለሥጋው ሳይሆን ለቁሌቱ ነው የፈራሁት።

"ያንቺው ነው" አለች። "ይሄ የእማዬ ወጥ ነው።"

ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ድኛለሁ አልኩ። በደንብ አሳድጌያት ባይሆን ኖሮ በእርግጥም ድኜ ነበር። ምሳው ሲያልቅ ሳህኑን አነባብራ ብድግ አለች።

"ቁጭ በይ እማዬ፣ ሻይ እኔ ላፍላ።"

"ኧረ እኔ! ሳምንቱን ሙሉ በሥራ ደክመሽ መጥተሽ!"

"እናት ቆማ ልጅ ትቀመጣለች እንዴ? ማን ነው ያስተማረኝ?"

"እንግዳ ነሽ ዛሬ።"

"ልጅሽ ነኝ።"

ምን ይባላል? ከተወለደች ጀምሮ "ትልቅ ሰው ሲነሣ አትቀመጪ" እያለ ያስተማራት አፌ ነው። ገብታ የጋዙን ቁልፍ ስታዞር ሰማሁ። ጠቅ ጠቅ አለ። ጠቅ ጠቅ። እሳት የለም። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ የሪቨርሳይዱን አልጋ፣ ከፍ ዝቅ የሚለውን፣ አየሁት። ሻንጣዬ ላይ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደማስር ሁሉ አሰብኩ።

ከዚያ የኦቨኑ በር ሲከፈት ተሰማ። ቀጥሎ ሳቋ።

ምድጃዋን በመዳፏ ይዛ ወጣች። "አሁንም ኦቨን ውስጥ ነው የምትደብቂው? ልጅ ሳለሁ ከረሜላዬን የምትደብቂው እዛው ነበር። ሁሌም አገኘው ነበርኮ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አልኩ።

"በስልክ። እማዬ ሲሪየስሊ፣ ግሪን ቴፑ!" አረንጓዴዋን ፕላስተር በጥፍሯ ነካችው። "ስልኩን ልታነሺ ስትይ ታየኝ። ሳቄን አፍኜ ልሞት ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ምድጃዋን ዘረጋቻት፣ አጠፈቻት፣ ዘረጋቻት።

"ሽሮ ብልሽ ኖሮ ቀላል ነው፣ ታደርጊዋለሽ" አለች። "የሚከብደውን ነው የመረጥኩልሽ። ካቃተሽ ይዤሽ ልሄድ፤ ከቻልሽ ልተውሽ። ማታ ማታ እተኛለሁ መሰለሽ? ብቻዋን ምን ሆነች፣ ወደቀች፣ ሳትበላ አደረች እያልኩ። በዚች ላይ ዶሮ ወጥ የምትሠራ ሴት ግን..." ቀሪውን በእጇ ጨረሰችው።

"ክፍሉንስ?"

"ልብስ እተኩስበታለሁ።"

"አልጋውስ?"

"እየተኛሁ እተኩሳለሁ።" ሳቀችና ከዚያ ኮስተር አለች። "ግን ስልክ ስደውል አንሺ። ጠዋት ጠዋት። ኦኬ? ደግሞ አትዋሺኝ።"

ለመጀመሪያው ብቻ ቃል ገባሁ።

የቀረችዋን ኪኒን በረንዳው ላይ ለኮስናት። ልጄ ሄዳ የአባቷን ወንበር ራሷ ተሸክማ አወጣች፣ ተቀመጠችበትም። ያ ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ መጣ። ጎረቤት ሁሉ ቀዝቃዛ ምግብ ሲበላ እኛ በረንዳ ላይ ሻይ አፈላን፤ ሕንፃው አልፈረሰም። እሱ ትክክል ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው የሳተው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጠጣው። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። እትዬ ልቅሷችንን ከቤታቸው ሰምተው ኖሮ "ወጡ ከሸፈ እንዴ?" ብለው መጥተው ከተረፈው አንድ ብልት በሉ።

ጋዙ የተመለሰው ከብዙ "የሚመጣው ሳምንት" በኋላ ነው። ልጄ በሚቀጥለው ስትመጣ ከረጢት ሙሉ ኪኒን ይዛልኝ መጣች። ከላዩ ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ለጥፋበታለች። ሣጥኑ ውስጥ ከባቄላው ጎን አስቀመጥኩት። አሁንም አልጋ ሳነጥፍ እግሬ ሣጥኑን ይነካዋል፣ አሁንም ይቅርታ እለዋለሁ።

ልጄ በዚያ እሑድ ተንኮሌን ሁሉ እንዳወቀች ታስባለች። ለሰው ስታወራም "የእናቴ ቁሌት በካምፕ ምድጃም ቢሆን ለሰዓታት ቀስ ብሎ የበሰለ ነው" ትላለች፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። የማይክሮዌቩን ነገር የምናውቀው እትዬና እኔ ብቻ ነን፤ እትዬ ደግሞ ነጠላቸውን ስለጣሉ አላዩም። አሁን ጻፍኩት። ልጄ አማርኛ የምታነበው ፊደል እየቆጠረች ነው፤ እዚህ መስመር ላይ እስክትደርስ ሌላ ዶሮ ወጥ ሠርቼ አበላታለሁ፣ የአሁኑን በጋዝ።

ስለ ሽንኩርቱ ግን ቃል አልገባም።